«መያዣ»፣ «ወለድ አገድ»፣ «የወል ክስ»፤ የሦስት ስያሜዎች ታሪክ ከሁሩሙ አንጻር ሲታይ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ የትርጉም ችግር ነው። ቤታቸውን በመያዣ ሰጥተው ከአንድ ባንክ የተበደሩ ብዙ ሰዎች፣ ባንኩ የጠየቀው ወለድ ከውሉ ውጭ ነው ሲሉ ተባብረው የሚያቀርቡት ክስ በአማርኛ ምን ሊባል ይገባዋል? ጥያቄው ሲታይ ቀላል ይመስላል። «የጋራ ክስ» ብሎ ማለፍ ይቻላልና። ይሁን እንጂ ክስ የሚመሠረተው፣ የሚካሄደውና የሚፈረደው በቃል ነው። ቃሉ ሰውየውን ከክሱ ውስጥ ያስገባዋል ወይም ከደጅ ያስቀረዋል። ስለዚህ «መያዣ» የተባለው ነገር ከወዴት መጣ፣ «ወለድ»ስ ለምን ወለድ ተባለ፣ በአንድነት መክሰስስ በአገራችን ቋንቋ ጥንት ስም ነበረውን የሚሉትን ጥያቄዎች አስቀድሞ መመርመር ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

ለምርመራው ማረፊያ የተመረጠችው ሁሩሙ ናት። ሁሩሙ በኢሉባቦር ከያዮ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በቡና አገር መካከል ያለች ከተማ ናት። የተመረጠችበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚህ አካባቢ ብድር፣ ቡናና መሬት ከጥንት ጀምሮ የተሳሰሩ ናቸው። ሁለተኛ፣ በከተማዪቱ ፍርድ ቤት የሚሠራበት ቋንቋ ኦሮምኛ ሲሆን የፌዴራሉ ሕግ ግን የሚጻፈው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ሲፈጠርም የበላይነት ያለው የአማርኛው ነው። ስለዚህ በአማርኛ የተመረጠ ስያሜ በሁሩሙ ችሎት ፊት እስኪደርስ ድረስ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይተረጐማል። በአማርኛው ያለው ጉድለት በትርጉሙ ይባባሳል እንጂ አይድንም።

በኢሉባቦር የባንክ ብድር አዲስ ነገር አይደለም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው ስምምነት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከፈቀደ በኋላ፣ የምዕራቡ ቡና በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ሱዳን ይወርድ ጀመር። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲንያ ባንክ ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ጎሬ ነበረች፤ በጋምቤላም ወኪል ነበረው። በ1923 ዓ.ም. የተተካው የኢትዮጵያ ባንክም ጎሬን አልተወም። ይሁንና ባንኩ የሚያውቀው ነጋዴውን ነው፤ ገበሬው የሚበደረው ከነጋዴው ነው። በመጽሐፍ ያለው «መያዣ»ና በገበያ ያለው «ወለድ አገድ» ጎን ለጎን የኖሩት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

«መያዣ» ከ«ያዘ» የወጣ የመሣሪያ ስም ነው። ግሱም ከግእዙ «አኀዘ» የሚወርድ ነው። በዚህ ግስ ሥር አማርኛ ሦስት ታላላቅ የሕግ ቃላት ወልዷል፤ «መያዣ»፣ «ይዞታ»ና «ያዥ»። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም በሐዲስ ኪዳን የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ ለመግለጽ ግሪኩ «አራቦን» የሚለውን በአማርኛ «መያዣ» ብለውታል። ግእዙ ራሱ «ዐረቦን» የሚለውን ቃል ይዞ ቆይቶ ነበር። ይኸው «ዐረቦን» በዘመናችን ወደ ሌላ ሥራ ተዛውሮ ለመድን ድርጅት የሚከፈለውን ገንዘብ ስም ሆኗል። አንድ ቃል ከሐዋርያው መልእክት ተነሥቶ የመኪና መድን ደረሰኝ ላይ ማረፉ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚያስደስት ነገር ነው። «ቀብድ»ም የመያዝ ቤተሰብ ሳይሆን አይቀርም፤ ከዐረብኛው «ቀበደ» (ጨበጠ፣ ተረከበ) ጋር የሚዛመድ ይመስላል።

እዚህ ላይ ኦሮምኛውን ማየት ያስፈልጋል። በኦሮምኛ መያዝ «ቀቡ» ነው። ከዚሁ ግስ «ቀብሲሳ» (መያዣ)፣ «ቀቢዬ» (ይዞታ)ና «ቀቤኛ» (ንብረት) ይወጣሉ። እንግዲህ የሁለቱ ቋንቋዎች ባለቤቶች ሳይመካከሩ አንድ መንገድ ተከትለዋል። ንብረት ማለት በእጅ ያለ ነው፤ መያዣ ማለትም ለሌላ እጅ የተሰጠ ነው። ይህ አስተሳሰብ ለከብት፣ ለጌጥና ለጠመንጃ ፍጹም የተስማማ ነው። ባለገንዘቡ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ ባለዕዳው ከፍሎ ይወስዳል።

ችግሩ የመጣው ቤት መያዣ በሆነ ጊዜ ነው። በሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ ነው። ረቂቁ ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ነበሩት። አንደኛው «ጋዥ» ሲሆን በእጅ ተላልፎ የሚሰጥ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ነው። ሁለተኛው «ኢፖቴክ» ሲሆን ከግሪኩ «ከሥር የተቀመጠ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ንብረቱ በባለዕዳው እጅ እንዳለ ይቆያል፣ ዕዳው ግን በሥሩ ተቀምጦበታል። እንግሊዝኛው ለሁለተኛው «ሞርጌጅ» አለው፤ ይኸውም ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የተወሰደ ሲሆን ቃል በቃል «የሞተ መያዣ» ማለት ነው። አማርኛው ግን ሁለቱንም «መያዣ» ብሎ፣ ሁለተኛውን «የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ» በሚል ቅጥያ ለየው።

ይህን ምርጫ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ ከዚህ የተሻለ ምን ቃል ነበር ብሎ መጠየቅም ፍትሐዊ ነው። ሆኖም ውጤቱ ይህ ነው፤ «መያዣ» የሚለው ስም ባለገንዘቡ የማይዘውን ነገር ይሰይማል። ቤቱን የሚይዘው ባለዕዳው ነው። ባለገንዘቡ የያዘው በመዝገብ የተጻፈ መብት ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው ሕጉ በቁጥር 3052 መያዣው ውጤት የሚያገኘው ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ነው የሚለው። ቃሉን በጆሮው ብቻ የሚሰማ ሰው ግን «ቤቴን አስይዣለሁ» ሲል ቤቱ ተይዟል ብሎ ያስባል። የተያዘ ነገር ላይ ደግሞ ክርክር የለኝም የሚል አሳብ ይከተላል። ሕጉ በቁጥር 3060 ባለዕዳው ባይከፍል ባለገንዘቡ በራሱ ሥልጣን ንብረቱን እንዲወስድ ወይም ከሥርዓት ውጭ እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስምምነት ፈራሽ ነው ሲል የደነገገው ይህን ዓይነቱን መያዝ ለመከልከል ነበር። በ1990 ዓ.ም. በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ግን ለባንኮች ልዩ መብት ሰጠ፤ ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ንብረቱን በሐራጅ እንዲሸጥ የሚያስችለው ውል የጸና ሆነ። («ሐራጅ» እንዲሁ የዐረብኛ እንግዳ ነው፤ ለብዙ ሰው ከሥነ ቃሉ ይልቅ በግድግዳ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ነው የሚታየው።) ስለዚህ ስሙ በ1952 ዓ.ም. ያልነበረውን ኃይል ከ38 ዓመት በኋላ በከፊል አገኘ ለማለት ይቻላል።

ወደ «ወለድ» እንመለስ። ወለድ ከ«ወለደ» ነው፤ ገንዘብ ገንዘብን ይወልዳል። በኦሮምኛም ወለድ «ዸላ» ነው፤ ይኸውም መውለድን ከሚያመለክተው ግስ የወጣ ነው። በጥንታዊ ግሪክም ወለድና ልጅ አንድ ስም ነበራቸው፤ «ቶኮስ»። አሪስጣጣሊስ በ«ፖለቲካ» መጽሐፉ ወለድን የነቀፈው በዚሁ ስም ተንተርሶ ነው፤ ገንዘብ የማይወልድ ነገር ሆኖ ሳለ ወለደ መባሉ ከተፈጥሮ ውጭ ነው ይላል። ግእዝ በአንጻሩ «ርዴ» የሚል ራሱን የቻለ ቃል ነበረው። አማርኛ «ርዴ»ን ለመጽሐፍ ትቶ ሁለት ቃላት አከፋፈለ፤ ለተፈቀደው «ወለድ»፣ ለተነቀፈው «አራጣ»። ይህ ክፍፍል በሕጉም ጸንቷል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ተዋዋዮች ያልወሰኑትን ወለድ በዓመት ከመቶ 9 አድርጎ፣ በብድር ውል ደግሞ ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ገደብ አኑሯል። ከአራጣ ጋር ግን የሚፋለመው የወንጀል ሕግ ነው። «ብድር» የሚለው ቃልም ሁለት ፊት አለው፤ የተሰጠ ገንዘብ ነው፣ የሚመለስ በቀልም ነው። «ብድር በምድር» የሚለው ተረት የትኛውን እንደሚል የሚለየው አነጋገሩ ብቻ ነው።

«ወለድ አገድ» ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ አገርኛ የሆነው ስያሜ ነው። ባለዕዳው መሬቱን ወይም የቡና ተክሉን ለባለገንዘቡ ያስረክባል፤ ባለገንዘቡ ፍሬውን ይበላል፤ በዚህ ምክንያት በገንዘቡ ላይ ወለድ አይቈጠርም፣ ታግዷልና። ዋናው ገንዘብ በተመለሰ ቀን መሬቱ ይመለሳል። የሕጉ ተርጓሚዎች ከቁጥር 3117 ጀምሮ ያለውን «አንቲክሬዝ» ሲያገኙ አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለጋቸውም፤ ሕያው ቃል በገበያ ነበረና። ግሪኩ «በመጠቀም ፈንታ መጠቀም» ማለት ነው፤ ባለዕዳው በገንዘቡ፣ ባለገንዘቡ በመሬቱ ይጠቀማሉ። አማርኛው ያንኑ ነገር ከወለዱ በኩል አየው። የሚገርመው ፈረንሳዮች ራሳቸው በ1804 እ.ኤ.አ. ሕጋቸው የነበረውን ይህን የግሪክ ቃል በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ አውጥተው «የማይንቀሳቀስ ንብረት ጋዥ» በሚል ተክተውታል። ሕዝባቸው የማይገባው ቃል ሆኖ ነበር። የእኛ «ወለድ አገድ» ግን ለገበሬው ይገባዋል፤ ምናልባትም ከሚገባው በላይ።

ለምን ከሚገባው በላይ? ቡና በሚበቅልበት አገር ነገሩን እንመልከት። የቡና ተክል ተተክሎ እስኪያፈራ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል፤ ካፈራም በኋላ አንድ ዓመት በርትቶ በሚቀጥለው ይለግማል። ለቀማው ከመስከረምና ከጥቅምት ጀምሮ ነው፤ ችግሩ ግን በክረምት ነው፤ የቤቱ እህል ያለቀበት፣ ቡናውም ገና ያልቀላበት ወቅት። ገበሬው በዚያ ጊዜ ያልደረሰውን ቡና በዝቅተኛ ዋጋ አስቀድሞ ይሸጣል ወይም ተክሉን በወለድ አገድ ይሰጣል። ለምሳሌ ያህል 1,000 ብር ወስዶ በዓመት 300 ብር ንጹሕ ገቢ የሚያስገኝ ቡና ቢያስረክብ፣ «የታገደው» ወለድ በእርግጥ ከመቶ 30 ነው። የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ ሲል ደግሞ ይህ ቁጥር ይጨምራል፤ ገበሬው ግን ወለድ የለብኝም ብሎ ያምናል። ስሙ ወለዱን ያግዳል፤ ሐሳቡን (ሒሳቡን ማለቴ ነው) ግን አያግድም። አራጣ ከወለድ በላይ ነው የሚለው የሕግ ሚዛን እዚህ ላይ የሚመዝነው ነገር ያጣል፤ የሚመዘን ወለድ በስም የለምና።

ከባለዕዳው ሥቃይ ጋር የተያያዘ ሌላ ቃልም አለ፤ «ቁራኛ»። በቀድሞው የዳኝነት ልማድ ባለገንዘብና ባለዕዳ፣ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ጉዳያቸው እስኪለይ በነጠላቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። የውጭ አገር ተጓዦች በመገረም ጽፈውታል። ልማዱ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሆኗል፤ ቃሉ ግን «የዕዳ ቁራኛ»፣ «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» በሚሉት ሐረጎች ይኖራል። የልማዱን ቅርጽ ልብ ማለት ለያዝነው ጉዳይ ይጠቅማል። ቁራኛ የሁለት ሰዎች ነገር ነው፤ አንድ ባለገንዘብ ከአንድ ባለዕዳ ጋር። ሠላሳ ባለዕዳዎች በአንድ ባለገንዘብ ላይ የሚነሡበትን ሁኔታ ይህ ሥዕል አያውቀውም።

በ1967 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች የቃላቱን ሥራ በአንድ ዓመት ለወጡት። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 መሬት በሽያጭ፣ በውርስ፣ በኪራይና በመሳሰለው እንዳይተላለፍ ሲከለክል መያዣንና ወለድ አገድንም በዝርዝሩ አስገብቷል። በሐምሌ ወር የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47ም ለከተማ ቦታ እንዲሁ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ገበሬው ያለው «ይዞታ» እንጂ ባለቤትነት አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም የሚለው መርሕ ጸንቷል። «ወለድ አገድ» በሕግ ሞተ፤ በቡና አገር ግን በቃል ስምምነት መኖሩ አልቀረም። በሕግ የተከለከለ ነገር ጽሑፍ አይኖረውም፤ ጽሑፍ የሌለው ውልም ክስ አይሆንም፣ ወይም በጣም ያስቸግራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 የመጠቀም መብትን ለገንዘብ ተቋም በዋስትና ማስያዝ በመፍቀዱ፣ «ይዞታ»ና «መያዣ» ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ተገናኝተዋል። የሁሩሙ ገበሬ ባንክ ቤት ገብቶ «ቀቢዬ»ውን «ቀብሲሳ» ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው። በከተማ በኩል ደግሞ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ፣ በኋላም የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር እስኪቀላቀል ድረስ፣ ለቤት የሚበደረውን ሰው ቁጥር አብዝቷል። እንግዲህ ብዙ ሰዎች አንድ ዓይነት ውል፣ በአንድ ዓይነት ቅጽ፣ ከአንድ አበዳሪ ጋር መፈረማቸው እንግዳ ነገር አይደለም። በቅጹ ላይ ስሕተት ካለ ስሕተቱ የሁሉም ነው።

አሁን ወደ ክሱ እንለፍ። በአንድነት መክሰስ በአገራችን ጥንት ስም አልነበረውም የሚል ካለ፣ የጎጃምን ርስት ያላየ ነው። አለን ሆብን የተባለው አሜሪካዊ አጥኚ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአማራ የመሬት ሥሪት ጥናት እንዳስረዳው፣ ከአንድ «ዋና አባት» ወይም «ምንዝር አባት» የሚወለዱ ርስተኞች መሬታቸውን በተመለከተ የሚቆምላቸው፣ የሚከራከርላቸውና የሚያካፍላቸው ሰው ነበራቸው፤ ስሙም «ፈጅ» ይባላል። ፈጅ የራሱም ጉዳይ ስላለበት የተከራካሪዎች እንግዳ አይደለም፤ ከእነርሱ አንዱ ሆኖ ስለ ሁሉም ይናገራል። ይህ በዛሬው የዓለም ሕግ የቡድን ክስ ወኪል የሚባለው ሰው ትክክለኛ ሥዕል ነው። «ነገረ ፈጅ» የሚለው ሰፊ ስያሜም ከዚሁ ቤት ነው። ጸሐፊው ይህን ቃል ለአዲሱ ጥቅም ለማቅረብ በጣም ተመኝቶ ነበር። የሚያሠጋው ግን «ፈጀ» ማለት ጨረሰ ብቻ ሳይሆን አጠፋና በላም ስለሆነ ነው። እሳት ቤት ይፈጃል፤ ክርክር ዕድሜ ይፈጃል። የቤት ዕዳ ላለበት ሰው «ፈጅህ መጥቷል» ማለት የሚያጽናና አይሆንም።

የዘመኑ ሕግ ምንጭ ሌላ ነው። በመስከረም 1958 ዓ.ም. በድንጋጌ ቁጥር 52 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከ1908ቱ እ.ኤ.አ. የሕንድ ሕግ ብዙ ወስዷል። በሕንዱ ሕግ ብዙ ሰዎች አንድ ጥቅም ሲኖራቸው አንዱ ወይም ጥቂቶቹ በፍርድ ቤት ፈቃድ ስለ ሁሉም ይከሳሉ፤ ለቀሩት ማስታወቂያ ይደርሳቸዋል። የእኛ ቁጥር 38 ይህን ሲወስድ አንድ ነገር ጨመረ፤ ባለጥቅሞቹ ሁሉ በዚህ ዓይነት ለመወከል መስማማታቸውን ፍርድ ቤቱ እንዲረዳው ያስፈልጋል። ይህ ጥቂት ቃል ትልቅ ልዩነት ነው። በማግሥቱ ማለት ይቻላል፣ በ1966 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች የሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 23ን ሲያሻሽሉ ተቃራኒውን መንገድ ያዙ፤ በገንዘብ ካሣ ክስ ሰውየው ካልወጣ በስተቀር እንደገባ ይቈጠራል። በኢትዮጵያ ግን ካልገባ አልገባም። ስለዚህ የቤት ተበዳሪዎችን አንድ ማድረግ በቅድሚያ ስም የመሰብሰብ፣ ፊርማ የማስፈረምና የማስረዳት ሥራ ነው። ይህም ሥራ የሚሠራው በቃል ነው፤ በሁሩሙ በሆነ ጊዜ በኦሮምኛ ቃል።

ሕጉ የሚከፍታቸው በሮች ከአንድ በላይ ናቸውና ስማቸው እንዳይደበላለቅ ያስፈልጋል። በቁጥር 35 መሠረት ጥያቄያቸው ከአንድ ጉዳይ የመነጨና የጋራ ጭብጥ ያላቸው ሰዎች ሁሉም ራሳቸው ከሳሾች ሆነው በአንድ መዝገብ ሊከሱ ይችላሉ። በቁጥር 38 አንዱ ስለ ሌሎቹ ይቆማል። በቁጥር 41 ክርክሩ በሌሎች መካከል እየተካሄደ ሳለ ጥቅም ያለው ሰው ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ይገባበታል። በቁጥር 358 ደግሞ ክርክሩን ሳይሰማ የቀረና በፍርዱ መብቱ የተነካ ሰው ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ይቃወማል።

ሦስተኛው በር በስሙ ምክንያት የተጎዳ ነው። «ጣልቃ ገብ» ይባላል። በመንደር አነጋገር ጣልቃ ገብ ማለት ባልተጠራበት የሚገኝ፣ በባልና በሚስት ነገር የሚገባ፣ ሽማግሌ ሳይሆን ሽማግሌ የሚሆን ሰው ነው። ጎረቤቷ ባንኩን መክሰሱን የሰማች፣ ራሷም ያንኑ ቅጽ የፈረመች አንዲት ባልቴት «እርስዎም በጣልቃ ገብነት ይግቡ» ቢሏት፣ «ምነው ልጄ፣ በሰው ነገር ጣልቃ ስገባ አይተኸኛል?» ብላ ብትመልስ ሊፈረድባት አይገባም። ሕጉ ባለመብት ያደረጋትን ቃሉ ነገረኛ አደረጋት። በ1958 ዓ.ም. ስያሜውን የመረጡት ሰዎች የእንግሊዝኛውን «በመካከል መምጣት» በትክክል ተርጕመዋል፤ የተዘነጋው ቃሉ አስቀድሞ ሥራ የያዘ መሆኑ ነው።

ቁጥር 35ን በሚመለከት ከቅርብ ዓመታት የሚጠቀስ ነገር አለ። የ40/60 ቤቶች መርሐ ግብር ምዝገባ በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲካሄድ ቆጣቢው ከዋጋው ከመቶ 40 ቆጥቦ ቀሪውን ከመቶ 60 በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብድር እንዲሸፍን ታስቦ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ዕጣ ሲወጣ ሙሉውን ዋጋ የቆጠቡ ተመዝጋቢዎች ቅድሚያ ይገባን ነበር በማለት ተሰባስበው ፍርድ ቤት ሄዱ። የከሰሱት እንደ ተበዳሪ ሳይሆን እንደ ቆጣቢ ቢሆንም፣ በአንድ ቅጽ የተፈራረመ ብዙ ሕዝብ በአንድ ተቋም ፊት በአንድነት ሊቆም እንደሚችል አሳይተዋል። የውጭውን ዓለም ብናይ ለያዝነው ርእስ በጣም የቀረበው የስፔን ነገር ነው። የስፔን ባንኮች በቤት ብድር ውል ውስጥ ወለዱ ከተወሰነ ልክ በታች እንዳይወርድ የሚያደርግ አንቀጽ ያገቡ ነበር፤ «የወለል አንቀጽ» ይሉታል። (በአማርኛ «የወለድ ወለል» ብንለው ለጆሮ የሚጥም ይሆናል።) የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2013 እ.ኤ.አ. በቂ ግልጽነት የሌለው እንዲህ ያለ አንቀጽ ፈራሽ ነው አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. አንድ የማድሪድ ፍርድ ቤት አንድ የሸማቾች ማኅበር ወደ 15,000 ለሚጠጉ ሰዎች በ40 ባንኮች ላይ ባቀረበው ክስ ለሸማቾቹ ፈረደ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ያላግባብ የተከፈለው ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊመለስ ይገባዋል አለ። ክርክሩ የተነሣው ተበዳሪው ቃሉን ተረድቶታል ወይስ አልተረዳውም በሚል ነበር፤ ይህን ለትርጉም ሰዎች ማመልከት ያስደስታል።

በኢትዮጵያ የወል ክስ የሚሠራውን ሥራ በከፊል የሚሠራ ሌላ መሣሪያም አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤትን ያስገድዳል። ስለዚህ አንድ ተበዳሪ ብቻውን ታግሎ እስከ ሰበር ቢደርስና ስለ መያዣ ውል ትርጉም ቢያሰጥ፣ ትርጉሙ ለማያውቁት ሺህ ተበዳሪዎች ይሆናል። ከጥቅሙ ጋር ጉዳቱም ያው ነው። ብቻውን በድክመት ተከራክሮ ቢረታ፣ ያላዩት ሰዎችም በእርሱ ድክመት ይረታሉ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ማኅበራትና ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ቡድኖች ፍትሕ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ይሁንና መብቱን በሥራ የሚተረጕም ዝርዝር ሥነ ሥርዓትና ከሁሉ በፊት የጠራ ስያሜ ያስፈልገዋል።

ስለ ስያሜው የጸሐፊው አስተያየት ይህ ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል በቃል ወስዶ «የመደብ ክስ» ማለት አይገባም። መደብ የአፈር መቀመጫ ነው፣ የአትክልት ቦታ ነው፤ ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ «የመደብ ትግል» የሚለው ሐረግ ቃሉን ወስዶታል። የቤት ወለድ የተጨመረበት መምህር ባንኩን ሲከስ የመደብ ትግል አላወጀም። «የቡድን ክስ» የሚለው ይሻላል፤ ግን ቡድን ለኳስ ጨዋታና ለሥራ ክፍል የዋለ፣ አስቀድሞ ተደራጅቶ የሚታወቅ ስብስብን የሚያመለክት ነው፤ ተበዳሪዎቹ ግን እስከ ክሱ ቀን ድረስ ላይተዋወቁ ይችላሉ። «የጋራ ክስ» የሚለው በሕጉ «የጋራ ባለሀብትነት» ከሚለው ጋር ይጋጫል፤ ጋራ ውስጥ ለያንዳንዱ የተወሰነ ድርሻ አለ። ስለዚህ በቁጥር 35 ለሚካሄደው፣ ማለት ሁሉም በየስሙ ለቆመበት፣ «ጥምር ክስ» ተብሎ፣ በቁጥር 38 አንዱ ስለ ሁሉ ለሚቆምበት «የወል ክስ» ቢባል ይመረጣል። «ወል» በሰዋስው «የወል ስም» በሚለው እንደምናውቀው ከአንድ ነጠላ ሰው ያልተጣበቀ፣ ለዓይነቱ ሁሉ የሆነ ማለት ነው። «የወል መሬት» ስንልም የማይከፋፈለውን የግጦሽ ቦታ እንጂ የተሸነሸነውን አናስብም።

ለ«ወል» የሚያደላ ሌላ ምክንያት ከሁሩሙ ይመጣል። ኦሮምኛ ለዚሁ አሳብ «ወሎ» አለው፤ «ቀቤኛ ወሎ» ማለት የወል ንብረት ነው። ስለዚህ «የወል ክስ» ወደ «ሂመታ ወሎ» ሲዞር ድምፁም ትርጉሙም ብዙ አይርቅም፤ በአማርኛ የተጻፈውን ማስታወቂያ በኦሮምኛ የሚያነበንበው የፍርድ ቤት ሠራተኛ አዲስ ነገር መፍጠር አያሻውም። «ሂመታ ገሬ» (የቡድን ክስ) የሚለውን የሚመርጡ ይኖራሉ፤ ከላይ በ«ቡድን» ላይ የቀረበው ነቀፋ ግን እዚህም ይደርሳል።

«ጣልቃ ገብ»ን በሚመለከት «ተደራቢ ተከራካሪ» የሚል አሳብ ሊቀርብ ይችላል። «ደረበ» በልብስ ላይ ልብስ መጨመርን ስለሚያመለክት የመጀመሪያውን ክስ አያፈርስም፤ መዳፈርንም አይሸትም። ነገር ግን የሕጉን ቃል ጠበቆች ለብዙ ዓመታት ተለማምደውታልና በአንድ ጊዜ የሚነቀል አይመስልም። እስከዚያው ለሕዝብ በሚነገር ማስታወቂያ ላይ ስሙን ትቶ ግሱን ብቻ መጠቀም ይቻላል፤ «በክርክሩ መግባት የሚፈልግ» ቢባል ይበቃል።

የቀረው በቁጥር 38 ያለው «መስማማት» ነው። የኦሮምኛው «ወሊ ገሉ» ቃል በቃል እርስ በርስ መግባባት፣ አንዱ ወደ ሌላው መግባት ነው፤ «ወሊ ገልቴ» ስምምነት የሆነው ከዚህ ነው። በአማርኛው «ተስማማ» ውስጥ መስማት አለ፤ በኦሮምኛው ውስጥ መግባት አለ። ስለዚህ በሁሩሙ ተበዳሪዎች ፊት ወረቀቱን የሚያነብ ሰው «ለመወከል ተስማምታችኋል ወይ?» ሲል በአማርኛ የጠየቀው፣ ሰምታችሁ አንድ ሆናችኋል ወይ ማለት ነው፤ በኦሮምኛ ሲሆን እርስ በርስ ገብታችኋል ወይ ይሆናል። ሁለተኛው ለወል ክስ ይበልጥ የቀረበ ነው። በአማርኛው ቅጽ ላይ ግን ከፊርማው በላይ አንድ ተጨማሪ መስመር ቢኖር፣ ማለትም ማን እንደወከለው፣ ስለ ምን እንደወከለውና ክሱ ቢረታ ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ በግልጽ ቢጻፍ፣ የቃሉ ጉድለት በዐረፍተ ነገር ይሞላል።